ኅብረ ሕዋስን ለነጠላ ሕዋስ ምርመራ ማዘጋጀት፦ ከእጅ ሥራ ወደ መሣሪያ

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የሲ.ዲ.4 ቆጠራ በመሠረቱ የነጠላ ሕዋስ ምርመራ ነው። ከታካሚው ክንድ የተቀዳው ደም አንጸባራቂ ቀለም ከተሸከሙ አንቲቦዲዎች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ፣ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ በብርሃን ጨረር ፊት እያለፉ ይለያሉ፤ ይቆጠራሉም። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ሊሆን የቻለው ደም በተፈጥሮው ፈሳሽ በመሆኑ ነው። ሕዋሳቱ አስቀድመው ተለያይተው ስለሚገኙ ባለሙያው እነርሱን ለማለያየት የሚደክመው ድካም የለም።

ከኩላሊት፣ ከጡት ዕጢ ወይም ከመገጣጠሚያ ሽፋን ተቆርጦ የሚመጣ ናሙና ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በፕሮቲን ማያያዣዎች ተጣብቀዋል፤ ዙሪያቸውንም ኮላጅንና ሌሎች ክሮች እንደ መረብ ይዘዋቸዋል። እነዚህን ሕዋሳት በነጠላ ለመመርመር በቅድሚያ መረቡን መበጣጠስ፣ ሕዋሳቱን ግን አለመግደል ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ በባለሙያው እጅና ዓይን ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር፤ ዛሬ ቀስ በቀስ ወደ መሣሪያ እየተላለፈ ነው። ዝውውሩ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ ማወቅ በቤተ ሙከራ ለሚሠሩት ብቻ ሳይሆን፣ የጥናት ውጤቶችን ለሚያነብ ሐኪም ሁሉ ይጠቅማል። ምክንያቱም ከሕመሙ የመጣ የሚመስለው ለውጥ አንዳንድ ጊዜ ከናሙናው አዘገጃጀት የመጣ ሆኖ ይገኛል።

የነጠላ ሕዋስ ምርመራ ምን ይፈልጋል?

በቀድሞው አሠራር የሥጋው ቁራጭ በሙሉ ተፈጭቶ በውስጡ ያለው አር.ኤን.ኤ. በጅምላ ይወጣ ነበር። የሚገኘውም ውጤት አማካይ ነው። የሽሮ እህል አንድ ጊዜ ከተፈጨ በኋላ የትኛው አተር ነቅዞ እንደነበረ ከዱቄቱ መለየት እንደማይቻል ሁሉ፣ ከመቶ ሕዋሳት መካከል መድኃኒቱን የተቋቋመው አንዱ ሕዋስ በአማካዩ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአይጥ ፅንስ የተወሰደ የአንድ ነጠላ ሕዋስ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በስፋት ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአሜሪካ ሁለት የሐርቫርድ ቡድኖች እያንዳንዱን ሕዋስ በዘይት በተከበበች የውኃ ጠብታ ውስጥ መለያ ኮድ ከያዘች ቅንጣት ጋር የመዝጋት ዘዴን አስተዋወቁ። ከሁለቱ አንዱ ቡድን ከአይጥ ሬቲና የተወሰዱ 44,808 ሕዋሳትን አንብቦ በ39 ወገን መድቧቸዋል።

ይህ ዘዴ ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ሕዋሳቱ ነጠላ፣ ሕያውና ንጹሕ መሆን አለባቸው። ተጣብቀው የቀሩ ሁለት ሕዋሳት በአንድ ጠብታ ውስጥ ከገቡ ኮምፒዩተሩ በተፈጥሮ የሌለ አንድ ድቅል ሕዋስ አድርጎ ያነባቸዋል። የሞቱት ሕዋሳት የሚያፈስሱት አር.ኤን.ኤ. በፈሳሹ ውስጥ ተሰራጭቶ ወደ ጎረቤት ጠብታዎች ስለሚገባ፣ የኩላሊት ቱቦ ሕዋስ ምልክት በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ሊታይ ይችላል። ያልፈጨ ክር ወይም ጓል የመሣሪያውን ቀጭን መተላለፊያ ይዘጋል። በሰፊው የሚሠራባቸው መመሪያዎች ከሕዋሳቱ 90 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ያሉ እንዲሆኑ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ንባብ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ ከዚህ በፊት የተበላሸውን አያቃናም።

ሥራው በእጅ ሲከናወን

አሠራሩ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1916 ፔይተን ራውስ እና ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ትሪፕሲን የተባለውን ኢንዛይም በመጠቀም ከተያያዘ ኅብረ ሕዋስ ሕያዋን ነጠላ ሕዋሳትን ማግኘት መቻላቸውን ጻፉ። ራውስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ከዚህ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ ሥራቸው፣ ካንሰር አምጪ ቫይረስን በማግኘታቸው ነው።

የዛሬው የእጅ ሥራ በዋናው አካሄድ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ናሙናው በበረዶ ላይ በተቀመጠ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይደርሳል። ባለሙያው ስቡንና የሞተውን ክፍል አንስቶ ቀሪውን በምላጭ ይከትፋል። ክትፎው ኢንዛይም ወዳለበት ቱቦ ይገባና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየተነቃነቀ ይቆያል፤ ለአንዱ ኅብረ ሕዋስ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል፣ ለሌላው ከሰዓት በላይ ያስፈልጋል። በየመሐሉ ፈሳሹን በፒፔት መሳብና መልሶ መልቀቅ አለ። ከዚያም ፈሳሹ ቀዳዳዎቹ 70 ወይም 40 ማይክሮሜትር በሆኑ ማጥለያዎች ያልፋል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት በአሞኒየም ክሎራይድ ይፈነዳሉ፤ ቀሪው በሴንትሪፉጅ ይታጠባል። በመጨረሻም በትራይፓን ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ በቆጠራ ስላይድ ላይ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሰማያዊ የሆነው ሞቷል፤ ያልቀለመው ሕያው ነው።

ከኢንዛይሞቹ ዋናው ኮላጅኔዝ ነው። የሚገኘውም ክሎስትሪዲየም ሂስቶሊቲከም ከተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ይህ ባክቴሪያ በቁስል ውስጥ ሥጋን በማሟሟት ይታወቃል። ለሕመም የሚዳርገው ኃይል ለቤተ ሙከራ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው። ሆኖም ኮላጅኔዝ ከባክቴሪያ ተጣርቶ የሚወጣ የብዙ ኢንዛይሞች ድብልቅ ስለሆነ የአንዱ ምርት ጥንካሬ ከሌላው ይለያያል፤ ባለፈው ወር በአርባ ደቂቃ የጨረሰው በዚህ ወር በሃያ አምስት ደቂቃ ሊጨርስ ይችላል። ሥራውን ለመሥራትም ካልሲየም ይፈልጋል። ስለሆነም ካልሲየምን የሚይዝ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. በስሕተት ከተቀላቀለበት ኢንዛይሙ ይደክማል፤ ባለሙያውም ናሙናው ጠንካራ ነው ብሎ ጊዜውን ያራዝማል። በዚህ ላይ የሞቱ ሕዋሳት የሚለቁት ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ተልባ ውኃ እየተዝለገለገ ሕያዋኑን ስለሚያጣብቅ፣ እርሱን የሚቆራርጥ ዲ.ኤን.ኤዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይጨመራል።

እንግዲህ የእጅ ልዩነት የሚገባው በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ነው። አንዱ ባለሙያ አድቅቆ ይከትፋል፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ይተዋል። አንዱ በፒፔት አሥር ጊዜ ይስባል፣ ሌላው ሠላሳ ጊዜ። ስልክ ሲጠራ ኢንዛይሙ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ ይሠራል። በመመሪያው ላይ «በቀስታ ይቀላቀል» ተብሎ የተጻፈው ቃል በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ትርጉም አለው። አዲስ ሠራተኛ በገባበት ወር የተዘጋጁ ናሙናዎች በኮምፒዩተሩ ላይ ለብቻቸው ተሰብስበው ቢታዩ፣ ይህን ከበሽታው ጋር ከማያያዝ በፊት የሥራ መዝገቡን መግለጥ ይሻላል።

ማለያየቱ በራሱ የሚያደርሰው ለውጥ

ጉዳዩ የትጋት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ሥልጠና በበቃ ነበር። ነገር ግን ሕዋሳት ሕያዋን ናቸው፤ የሚደረግባቸውንም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድስ የሁብሬክት ተቋም ተመራማሪዎች የአይጥ የጡንቻ ግንድ ሕዋሳትን ሲያጠኑ፣ ከሕዋሳቱ ከፊሎቹ ፎስና ጁን የተባሉትን ዘረ መሎች እንዲሁም ከሙቀት ጉዳት ጋር የተያያዙ ፕሮቲኖችን በከፍተኛ መጠን ይገልጡ እንደነበር አስተዋሉ። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ አዲስ የሕዋስ ወገን የተገኘ ያስመስል ነበር። ተከታትለው ሲመረምሩት ግን ለውጡን ያመጣው በኮላጅኔዝ የማለያየቱ ሂደት ራሱ ነበር። ሕዋሱ ከመኖሪያው ተነቅሎ በሙቀት ውስጥ በኢንዛይም ሲነከር ለአደጋ የሚሰጠው ምላሽ በተፈጥሮ እንደነበረ ባሕርይ ተቆጥሮ ነበር ማለት ነው። ፎስና ጁን በዕጢና በብግነት ጥናቶችም በተደጋጋሚ የሚጠቀሱ ዘረ መሎች መሆናቸውን ያስታወሰ አንባቢ የአደጋውን ስፋት ይገነዘባል።

መፍትሔ ተብለው ከቀረቡት አንዱ ቅዝቃዜ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሲንሲናቲ የተሠራ የአይጥ ኩላሊት ጥናት፣ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሥራት የሚችል ከሌላ ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም ይህን ምላሽ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። በቅዝቃዜ ውስጥ ኢንዛይሙ ይሠራል፤ ሕዋሱ ግን አዲስ አር.ኤን.ኤ. ለመሥራት ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በጎልማሳ አይጥ ኩላሊት ላይ የተደረገ ሰፊ ንጽጽር ይህንኑ ሲያረጋግጥ አንድ ቁም ነገር ጨምሯል፤ በሙቀትና በቅዝቃዜ የተገኙት የሕዋሳት ዓይነቶች ምጣኔ አንድ አልነበረም። በልስላሴ ካልተያዘ የሚሞት ሕዋስ አለ፤ በኃይል ካልተጎተተ የማይወጣም አለ። በዚሁ ጥናት የተለያዩ ሕዋሳትን አቀዝቅዞ ማቆየት ብዙዎቹን የኤፒተልየም ሕዋሳት እንዳሳጣ ታይቷል።

ኢንዛይሞቹ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ምልክቶችንም ይነካሉ። ዲስፔስ የተባለው ለምሳሌ በቲ ሕዋሳት ላይ የሚገኙትን ሲ.ዲ.4 እና ሲ.ዲ.8 ሊቆርጥ ይችላል። በደም ውስጥ በቀላሉ የሚቆጠረው ሕዋስ ከሊምፍ ዕጢ ወይም ከአንጀት ሲወጣ ስም አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

መሣሪያው ሲገባ

ማለያየትን ለመሣሪያ የመስጠት ሐሳብ ቀድሞ የተፈተነው ለምርምር ሳይሆን ለሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ካሚሎ ሪኮርዲና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሰው ጣፊያ ሥር ዕጢን፣ ማለትም ፓንክሪያስን፣ ለማለያየት የሚያገለግል ክፍል አስተዋወቁ። ዕጢው በኮላጅኔዝ ተሞልቶ ጠንካራ ኳሶች ባሉበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ሞቅ ያለ ፈሳሽ እየዞረበት ይናወጣል። የዘዴው ጥበብ በዕቃው ውስጥ ያለው ወንፊት ነው። ኢንሱሊን አመንጪዎቹ የላንገርሃንስ ደሴቶች ነፃ እንደወጡ በወንፊቱ አልፈው ከኢንዛይሙ ይርቃሉ፤ ገና ያልተፈታው ክፍል ግን ይቆያል። በእጅ ሲሠራ ቀድሞ የወጣው የመጨረሻውን ሲጠብቅ በኢንዛይሙ ይበላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ ኤድመንተን ሰባት የዓይነት አንድ የስኳር ሕመምተኞች በደሴቶች ንቅለ ተከላ ከኢንሱሊን መርፌ ነፃ መሆናቸው ሲዘገብ፣ ከጀርባው ይህ የዝግጅት ሥራ ነበረ። በርግጥ እዚህ የሚፈለገው ነጠላ ሕዋስ ሳይሆን ያልተበተነ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ዘዴው ራሱን የቻለ ተብሎ ቢሰየምም መቼ መቆም እንዳለበት የሚወስነው ሰው ነበር፣ ዛሬም ነው። ባለሙያው በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየወሰደ፣ ደሴቶቹን በቀይ በሚያቀልም ዲቲዞን ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ ማቆሚያውን ይወስናል።

በምርምር ቤተ ሙከራዎች በሰፊው የታወቀው የጀርመኑ ሚልቴኒ ባዮቴክ ኩባንያ ጄንትልማክስ የተባለ መሣሪያ ነው። የቱቦው ክዳን በውስጡ ሽክርክሪት ምላጭ አለው። ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ሆኖ የተቆረጠው ናሙናና ኢንዛይሙ ከገቡ በኋላ ቱቦው ተገልብጦ በመሣሪያው ላይ ይሰካል፤ ለጉበት፣ ለሳንባ ወይም ለዕጢ ተብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀው ፕሮግራም ይመረጣል። ስምንት ቱቦዎችን በአንድ ጊዜ የሚይዘውና ማሞቂያ ያለው ዓይነት መነቃነቁን፣ ሙቀቱንና ጊዜውን በአንድነት ይቆጣጠራል። ከዚህ አንድ እርምጃ የሄደው በካሊፎርኒያ የሚሠራው ሲንጉሌተር ነው። በዚህኛው ናሙናው አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ካርትሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፈሳሹን የሚጨምረው፣ የሚቀላቅለውና የሚያጠልለው መሣሪያው ነው። ከፕሮግራም ለውጥ ጋር ሕዋሱን ሳይሆን ኒውክለሱን ብቻ ለይቶ ማውጣትም ይችላል።

እነዚህ መሣሪያዎች በእውነት የሚያሻሽሉት ድግግሞሽን ነው። «በቀስታ» የሚለው ቃል የዙር ፍጥነት ሆኖ ይጻፋል፤ «እስኪሟሟ ድረስ» የሚለውም የደቂቃ ቁጥር ይሆናል። በሰኞና በዓርብ፣ በነባርና በአዲስ ሠራተኛ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። ደም የነካ ምላጭና ክፍት ቱቦ ስለሚቀንሱም ለሠራተኛው ደኅንነት ይጠቅማል፤ የሄፓታይተስ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ባለበት ናሙና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማያሻሽሉትም አለ። መሣሪያው ኬሚስትሪውን አይለውጥም። በ37 ዲግሪ ኮላጅኔዝ የሚቀሰቅሰው የአደጋ ምላሽ በመሣሪያም ይቀሰቀሳል፤ ልዩነቱ በሁሉም ናሙናዎች ላይ በእኩል መጠን መቀስቀሱ ነው። ይህም ሁለት ገጽታ አለው። ወጥ የሆነ ስሕተት ከተለዋዋጭ ስሕተት ይልቅ ለመታወቅና ለመታረም ይቀላል። በሌላ በኩል ግን በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመጣ ስሕተት እንደ እውነት ይታመናል። የእጅ ሥራው ውጤት ሲለዋወጥ ቢያንስ ጥርጣሬን ይቀሰቅስ ነበር። ከዚህ በላይ ለጉበት የተዘጋጀው ፕሮግራም የተፈተነው በአብዛኛው በጤናማ ጉበት ነው፤ በሲሮሲስ የጠነከረ ጉበት ለዚያው ፕሮግራም ያው ኅብረ ሕዋስ አይደለም። ጠባሳ በበዛበት ናሙና ጥቂት ሕዋሳት ቢወጡ፣ ሕዋሳቱ በሕመሙ ምክንያት ቀንሰው ነው ወይስ ፕሮግራሙ ሳያወጣቸው ቀርቶ የሚለው ጥያቄ ለሰው ይቀራል። ስቡን ማንሳት፣ የሞተውን ክፍል መለየትና ውጤቱን በማይክሮስኮፕ ማየትም እንደዚሁ።

ወጪውም ሊዘነጋ አይገባም። መሣሪያው የሚሠራው በራሱ ቱቦና ካርትሪጅ ነው። የአቅርቦት መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ መሣሪያ ገዝቶ ፍጆታውን አለማሰብ ምን እንደሚያስከትል በየቤተ ሙከራው ጥግ ጨርቅ ለብሰው የቆሙ ዕቃዎችን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ወጥነትን ለማግኘት መሣሪያ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በአሜሪካ የሩማቶይድ መገጣጠሚያ ብግነትንና ሉፐስን ለማጥናት የተቋቋመው የብዙ ሆስፒታሎች ጥምረት ሌላ ብልሃት መርጧል። የመገጣጠሚያ ሽፋን ናሙናው በየሆስፒታሉ ሳይለያይ፣ እንዳለ በመከላከያ ፈሳሽ ተቀዝቅዞ ወደ አንድ ማእከል ተላከ፤ በዚያም አንድ ቡድን በአንድ ዘዴ አለያየው። በዚህ አካሄድ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ከ51 ናሙናዎች 18 የሕዋስ ወገኖችን ለይቷል። አሥር መሣሪያ በአሥር ቦታ ከመትከል ይልቅ ሥራውን ወደ አንድ እጅ ማምጣት አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ነው። አቅሙ ውስን ለሆነ አገር ይህኛው መንገድ የቀረበ ይመስላል።

ከፓራፊን ብሎክ የሚጀምር መንገድ

ሕያው ሕዋስ ማግኘት በማይቻልበት ጊዜ ኒውክለሱን ብቻ ማውጣት ይቻላል። የአንጎልና የልብ ጥናቶች በዚህ ላይ በእጅጉ ይደገፋሉ፤ የልብ ጡንቻ ሕዋስ በጣም ትልቅ ስለሆነ በጠብታ ውስጥ አይገባምና። ለዚህ ሙቅ ኢንዛይም ስለማያስፈልግና ናሙናው ከበረዶ ማከማቻ ሊወጣ ስለሚችል የአደጋ ምላሹ ይቀንሳል። ጉድለትም አለው፤ ከላይ በተጠቀሰው የ2020 ንጽጽር ቲ፣ ቢ እና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሊምፎሳይቶች በኒውክለስ ዘዴ ከሚጠበቀው አንሰው ተገኝተዋል።

ለኢትዮጵያ የፓቶሎጂ ክፍሎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከ2022 ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው የታከመ ናሙና ዘዴ ነው። በፎርማሊን ታክሞ በፓራፊን ከተያዘ ብሎክ ወፈር ያሉ፣ 25 ወይም 50 ማይክሮሜትር የሆኑ ቁራጮች ይወሰዳሉ፤ ፓራፊኑ ይታጠባል፤ ከዚያም በጄንትልማክስ ዓይነት መሣሪያ ወይም በእጅ መደቆሻ ይለያያሉ። አር.ኤን.ኤ.ው የተቆራረጠ ቢሆንም አጫጭር መለያዎችን በማያያዝ ይነበባል። ሕዋሱ አስቀድሞ በፎርማሊን ስለታሰረ በማለያየቱ ጊዜ አዲስ ምላሽ ሊሰጥ አይችልም። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ ለምርመራ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ናሙናው በጊዜው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከሆነ ነው።

ሰዓቱ የሚጀምረው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው

የደም አቅርቦት ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ ሕዋሱ ኦክስጅን እያጣ ነው፤ የዘረ መሎቹም አሠራር ይለወጣል። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ዳር በደረቅ ፋሻ ላይ አርባ ደቂቃ የቆየን ናሙና ወደ ቀድሞው የሚመልስ መሣሪያ የለም። ናሙናው ለሕያው ሕዋስ ምርመራ የታሰበ እንደሆነ ፎርማሊን ሊነካው አይገባም፤ ወዲያውኑ በበረዶ ላይ በተቀመጠ ተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ በቀጥታ በረዶውን እንዲነካና እንዲረጋ ግን አይደረግም። ፓቶሎጂስቱ ለምርመራ የሚያስፈልገውን ክፍል አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል፤ የታካሚው ምርመራ ከጥናቱ ይቀድማልና። ደም ሥሩ የታሰረበት፣ ናሙናው ፈሳሽ ውስጥ የገባበትና ቤተ ሙከራ የደረሰበት ሰዓት በናሙናው ወረቀት ላይ ይጻፋል። በብዙ ቅጾች ላይ ለእነዚህ ሦስት ሰዓቶች የተተወ ቦታ የለም፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ግን አለ።